የበሽታ መከላከያ አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት እየወሰዱ ትንንሽ ልጆችን ማሳደግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሜቶትሬክሴት የሚባለውን መድኃኒት ስጀምር ትልቋ ልጄ 4 ዓመቷ ነበር፣ ትንሹ ገና ዳይፐር ላይ። ሕመሜ የመገጣጠሚያ ነው፤ ሰውነቴን መጠበቅ የነበረበት የመከላከያ አቅም ዞሮ የራሴን መገጣጠሚያ ያጠቃል። ሐኪሙ ስለ መድኃኒቱ ሲያስረዳኝ «ኢንፌክሽን ካለበት ሰው ራቂ» አለኝ። ያን ቀን እቤት ስገባ ሁለቱም ልጆች እየሳሉ ነበር። ትንሹ እጁን ዘርግቶ ወደ እኔ መጣ። ልቀፈው ወይስ ልሽሽ? በር ላይ ቆሜ የማደርገው ጠፋኝ።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። መርፌም ተጨምሮልኛል። በዚሁ መንገድ የሚሄዱ ብዙ እናቶችና አባቶችም አግኝቻለሁ፤ ኩላሊት የተተከለላቸው፣ ሉፐስ (የመከላከያ አቅም የራስን ሰውነት የሚያጠቃበት ሌላ ሕመም) ያለባቸው፣ የአንጀት ቁስለት ያለባቸው። የሁላችንም ጥያቄ ይመሳሰላል። እዚህ ያሰባሰብኩት እሱን ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የእናንተን መጠንና የእናንተን አደጋ የሚያውቀው የሚከታተላችሁ ሐኪም ነው። ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁት ግን ከዚህ ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

የትኞቹ መድኃኒቶች ናቸው? እኔስ ምን ያህል ተጋላጭ ነኝ?

ስማቸው ብዙ ነው። ሜቶትሬክሴት፣ አዛታዮፕሪን፣ ማይኮፌኖሌት፣ ታክሮሊመስ፣ ሳይክሎስፖሪን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ በመርፌ ወይም በደም ሥር ከሚሰጡት ደግሞ እነ አዳሊሙማብ፣ ኢንፍሊክሲማብ፣ ሪቱክሲማብ። ሁሉም እኩል አያዳክሙም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ የሰማውን ምክር ሌላው ለራሱ ይወስደዋል።

በሳምንት አንድ ቀን ትንሽ ሜቶትሬክሴት ብቻ የሚወስድ ሰውና ኩላሊት ከተተከለለት ገና 2 ወር የሆነው ሰው አንድ አይደሉም። ንቅለ ተከላ ላይ የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ናቸው፣ መድኃኒቱ በብዛት የሚሰጠው ያኔ ስለሆነ። ሁለትና ሦስት መድኃኒት አንድ ላይ የሚወስድም የበለጠ ይጋለጣል። ፕሬድኒሶሎን ከሆነ በቀን 20 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ መውሰድ በብዙ መመሪያዎች እንደ ከፍተኛ መዳከም ይቆጠራል። ስለዚህ ሐኪማችሁን በቀጥታ ጠይቁ፦ «እኔ የምመደበው ከፍተኛው ላይ ነው፣ መካከለኛው ወይስ ዝቅተኛው?» መልሱን ጻፉት። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የምታነቡት በዚያ መልስ ልክ ነው።

ልጄ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ልራቀው?

አይሆንም። ትንሽ ልጅ በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጉንፋን ይይዘዋል፤ መዋዕለ ሕፃናት ሲጀምር ደግሞ ይብሳል። በያዘው ቁጥር ብትርቁት ዓመቱ በመራራቅ ያልቃል። ደግሞም አፍንጫው መፍሰስ በጀመረበት ሰዓት ቫይረሱ አብሯችሁ ሰንብቷል። ተራ ጉንፋን በአብዛኛዎቻችን ላይ እንደማንኛውም ሰው መጥቶ ይሄዳል፣ ምናልባት ትንሽ ቀናት ይጨምር ይሆናል። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ልጆቼን በሩቁ እያየሁ አሳለፍኩት። አሁን ድረስ ይቆጨኛል። ማንም እንዲህ እንዲያደርግ አልፈልግም።

የሚጠቅመው ሌላ ነው። እቀፉት፣ ግን ጉንጩንና አፉን ሳይሆን አናቱን ሳሙት። ብርጭቆ፣ ማንኪያና ፎጣ ለየብቻ ይሁን። የጥርስ ብሩሾቹ አንድ ኩባያ ውስጥ እየተነካኩ አይቀመጡ። መስኮት ክፈቱ። ሲያስል ፊታችሁን ዞር አድርጉ፤ በክርኑ ሸፍኖ እንዲያስል አስተምሩት፣ የ3 ዓመት ልጅ ይህን በደንብ ይማራል። ሌላ አዋቂ እቤት ካለ ሌሊቱን እሱ ይያዘው። ብቻችሁን ከሆናችሁና ሌሊቱን ሙሉ ደረታችሁ ላይ ካደረ ደግሞ ማስክ አድርጉ፣ በማግስቱም ራሳችሁን ተከታተሉ። ከዚህ በላይ ራሳችሁን አትውቀሱ።

ዳይፐር መቀየር እችላለሁ?

በአብዛኛው አዎ። ጓንት ካለ ጥሩ ነው። ከሁሉ በላይ ግን እጅ በሳሙናና በውሃ፣ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ሳይቶሜጋሎ የሚባል ቫይረስ አለ፣ ሲኤምቪ ይሉታል። ጤነኛ ልጅ ምንም ሳይመስል በምራቁና በሽንቱ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ያወጣዋል። ልጁ ላይ ምንም አይታይም። የመከላከያ አቅሙ በጣም የተዳከመ ሰው ላይ ግን፣ በተለይ ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ላይ፣ ሳንባን፣ አንጀትን፣ ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። ብዙ አዋቂ ቀድሞ የያዘው ነው፤ ንቅለ ተከላ የሚያደርግ ሰው ከቀዶ ጥገናው በፊት ይመረመርለታል። ውጤታችሁን ካላወቃችሁ ጠይቁ።

እኛ እናቶች ሳናስበው የምናደርጋቸው ነገሮች አሉ። የወደቀውን የጎማ ጡት አፋችን ውስጥ አጽድተን መልሰን እንሰጠዋለን። ግማሽ የቀረውን ምግቡን እንጨርሳለን። ሾርባው ትኩስ መሆኑን በእሱ ማንኪያ እንቀምሳለን። እነዚህን ተዉ። ሌላ ብዙ ነገር ባትችሉ እንኳ እነዚህን ተዉ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ተቅማጥና ትውከት እቤት ሲገባ ሳኒታይዘር ላይ አትመኩ። ልጆችን በብዛት የሚያስመልሰው ኖሮቫይረስ በአልኮል በደንብ አይሞትም። ሳሙናና ውሃ ነው መፍትሔው። የተነካውን ቦታም በበረኪና ጥረጉት።

ትኩሳት ሲይዘኝ ስንት ሲደርስ ነው የምደውለው?

38 ዲግሪ። የእናንተ ሐኪም ከዚህ ዝቅ ያለ ቁጥር ከሰጣችሁ የእሱን ያዙ። «እስከ ነገ ልየው» የለም፣ «ልጆቹን አስተኝቼ» የለም። እዚህ ላይ ጠንከር የምለው ስለተጎዳሁበት ነው። አንድ ጊዜ ትኩሳት ጀምሮኝ የልጄ ልደት ነው ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ደበቅሁት። የሽንት ኢንፌክሽን ነበር፤ ኩላሊቴ ላይ ደርሶ 6 ቀን ተኛሁ። ልጄ ልደቷን ሳይሆን የተኛሁበትን ክፍል ነው የምታስታውሰው።

ቴርሞሜትር ግዙ፣ ለልጆቹ አንድ ለእናንተ አንድ። ፕሬድኒሶሎን የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ልብ በሉ፤ መድኃኒቱ ትኩሳትን ሊደብቅ ይችላል። 38 ሳይደርስም ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ ከተንቀጠቀጣችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ግራ ከተጋባችሁ፣ ሽንት ካቃጠላችሁ ወይም ቁስል ቀልቶ ከሞቀ ቁጥሩን አትጠብቁ። የትኩሳት ማስታገሻም ሳትለኩ አትዋጡ፣ ማስረጃውን ታጠፉታላችሁ።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ ይህ ይሁን፦ «የበሽታ መከላከያ አቅሜን የሚያዳክም መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ትኩሳት አለኝ።» የመድኃኒቶቻችሁን ስምና መጠን የጻፋችሁበት ወረቀት ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ሌላው ደግሞ የልጆቹ ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችን የምንዘገየው «ልጆቹን ማን ይይዝልኛል» ብለን ነው። በእኩለ ሌሊት የምትደውሉለትን ሰው ዛሬ ምረጡ፣ ዛሬ አነጋግሩት፣ ቁልፍም ስጡት።

ልጄ ሲታመም መድኃኒቱን ለጥቂት ቀን ላቁም?

ልጁ ስለታመመ ብቻ አታቁሙ። እናንተ ጤነኛ ናችሁ። ደግሞ የአብዛኞቹ መድኃኒቶች ኃይል አንድና ሁለት ቀን ስለተዋችሁ ከሰውነት አይወጣም፤ የምታገኙት የሕመሙን መመለስ ነው።

እናንተ ራሳችሁ ስትታመሙስ? እዚህ ላይ መድኃኒቱ ይለያያል። ኢንፌክሽን ሲኖር ሜቶትሬክሴትንና እንደ አዳሊሙማብ ያሉ መርፌዎችን ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ለጊዜው ያስቆማሉ። ስለዚህ ትኩሳት እያላችሁ መርፌውን ከመውጋታችሁ በፊት ደውሉ። ፕሬድኒሶሎን ግን በድንገት አይቆምም። ለሳምንታት ከወሰዳችሁት ሰውነታችሁ ኮርቲሶል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ቀንሷል፤ በድንገት ቢቋረጥ ደም ግፊት ሊወርድና ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። እንዲያውም ስትታመሙ መጠኑ ከፍ ሊልላችሁ ይችላል። ልጁን ሆዱን አሞት ከእሱ ተጋብቶባችሁ ክኒኑን ደጋግማችሁ ካስመለሳችሁም ሕክምና ቦታ ሂዱ፣ በመርፌ ሊሰጣችሁ ይገባ ይሆናል። የንቅለ ተከላ መድኃኒትንም በራስ ውሳኔ ማቆም የለም። የተተከለውን አካል ሊያሳጣ ይችላል።

ልጄ ጉድፍ ወይም ኩፍኝ ካለበት ልጅ ጋር ተጫውቷል። ምን ላድርግ?

ዛሬውኑ ደውሉ። ሽፍታ እስኪወጣ አትጠብቁ።

ጉድፍ ያለበት ልጅ ውሃ የቋጠረው ሽፍታ ከመውጣቱ ከ1 እስከ 2 ቀን በፊት ጀምሮ፣ ሁሉም ደርቆ ቅርፊት እስኪይዝ ድረስ ያስተላልፋል። የመከላከያ አቅሙ በተዳከመ ሰው ላይ ጉድፍ ወደ ሳንባና ጉበት ሊዛመት ይችላል። መልካሙ ዜና ከተጋለጡም በኋላ የሚሠራ ነገር መኖሩ ነው፤ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል ዝግጁ ፀረ እንግዳ አካል በመርፌ እስከ 10 ቀን ድረስ ሊሰጥ ይችላል፣ ቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል፤ ወይም ሐኪሙ እንደ አሲክሎቪር ያለ መድኃኒት ይመርጣል። ለኩፍኝ ጊዜው ያጥራል፣ 6 ቀን ነው። ለዚህ ነው «እስኪ እንየው» የማይሠራው።

ሐኪሙ የሚጠይቃችሁ የመጀመሪያው ነገር «በልጅነትሽ ወጥቶብሽ ያውቃል ወይ?» ነው። ስለዚህ እናታችሁን ወይም ታላቆቻችሁን አሁኑኑ ጠይቁ፤ በደም ምርመራም ማወቅ ይቻላል። እናንተ ራሳችሁ አልማዝ ባለጭራ ቢወጣባችሁ ደግሞ ያው የጉድፍ ቫይረስ ነው፣ ተኝቶ የቆየው የተነሳ። በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ያለን ሰዎች ይበዛብናል። በአንድ ጎን የሚያቃጥልና በመስመር የሚወጣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ስታዩ በ3 ቀን ውስጥ መድኃኒት መጀመሩ ብዙ ይረዳል። እስኪደርቅም ሸፍኑት፣ ያልተከተበና ያልወጣበት ልጅ ከእናንተ ጉድፍ ሊይዘው ይችላል።

በጉንጯ ላይ በጥፊ የተመታች የሚያስመስል ቅላት የሚያወጣ የልጆች ቫይረስም አለ፣ ፓርቮቫይረስ ይባላል። እኛ ላይ ደም ማነስ ሊያመጣ ስለሚችል መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ገብቷል ከተባለ ለሐኪማችሁ አሳውቁ።

ልጄ መከተብ ይችላል? ክትባቱ ከእሱ ወደ እኔ አይተላለፍም?

ይከተብ። አጥብቄ የምለው ነገር ይህ ነው። የልጁ ክትባት ለእናንተ ግድግዳ ነው፤ ኩፍኝ የማይይዘው ልጅ ኩፍኝ ይዞላችሁ አይመጣም። ሰው የሚፈራው ሕያው ግን የተዳከመ ተህዋሲ ያላቸውን ክትባቶች ነው። አንድ በአንድ ልሂድበት፣ ምክንያቱም ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም።

የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት የተከተበ ልጅ ለእናንተ አያስተላልፍም፤ ያለ ስጋት ይከተብ። የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ) ክትባትም እንዲሁ ከሕፃኑ ወደ እናንተ አይሻገርም፣ ክንዱ ላይ የሚወጣው ቁስል ፈሳሽ ካለው ሸፍኑትና ከነካችሁት እጃችሁን ታጠቡ። የጉድፍ ክትባት የወሰደ ልጅ ሊያስተላልፍ የሚችለው በጣም አልፎ አልፎ ነው፣ ያውም ከክትባቱ በኋላ ሽፍታ ከወጣበት። ሽፍታ ካያችሁ እስኪደርቅ ከእሱ ጋር አለመነካካትና ለሐኪም መደወል ነው።

ተቅማጥ የሚያመጣውን ሮታ ቫይረስ የሚከላከለው የሮታ ክትባት በአፍ ይሰጣል፣ በሰገራም ለጊዜው ይወጣል። ልጁ ይውሰደው። ለ4 ሳምንት ያህል ዳይፐሩን ሌላ ሰው ቢቀይርላችሁ ጥሩ፤ ካልተቻለ ጓንትና ሳሙና።

ለየት የሚለው የፖሊዮ ጠብታ ነው። በአፍ የሚሰጠው ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ለሳምንታት በሰገራ ይወጣል፣ የመከላከያ አቅሙ የተዳከመ ሰው ባለበት ቤት ለሚኖር ልጅም የሚመከረው በመርፌ የሚሰጠው ነው። ስለዚህ ከክትባቱ በፊት ለባለሙያዋ «እኔ እንዲህ ያለ መድኃኒት እወስዳለሁ፣ የፖሊዮ መርፌው ብቻ ይሰጠው ዘንድ ይቻላል?» በሏት። በዘመቻ ወይም በሌላ ምክንያት ጠብታው ከተሰጠው አትደንግጡ። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ድረስ ዳይፐሩን ሌላ ሰው ይቀይር፣ የእጅ ንጽሕናውን አጥብቁ፣ ለሐኪማችሁም ንገሩ። በአፍንጫ የሚረጨውን የጉንፋን (የኢንፍሉዌንዛ) ክትባት ደግሞ በመርፌ በሚሰጠው መቀየር ይሻላል፣ በተለይ የእናንተ መዳከም ከፍተኛ ከሆነ።

አንድ ነገር ብቻ ሳልናገር አላልፍም። በእርግዝና ጊዜ፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት፣ እንደ ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ ያለ መርፌ ስትወስዱ ከነበረ መድኃኒቱ በእትብት በኩል ወደ ሕፃኑ ይገባል፣ ከተወለደም በኋላ ደሙ ውስጥ ለወራት ይቆያል። እንዲህ ያለ ሕፃን ቢሲጂ ተከትቦ የሞተበት አጋጣሚ ተመዝግቧል። ስለዚህ ሕያው ክትባቶቹ ከ6 እስከ 12 ወር ድረስ ሊዘገዩ ይችላሉ። ይህን ለሚያዋልዷችሁም ለሕፃናት ሐኪሙም አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ቢሲጂ በብዙ ቦታ ልክ እንደተወለደ ስለሚሰጥ በኋላ መናገር ይዘገያል።

እኔስ ምን ልከተብ?

ሕያው ያልሆኑትን፦ በየዓመቱ የኢንፍሉዌንዛ፣ የሳንባ ምች፣ የኮቪድ፣ የሄፓታይተስ ቢ፣ ካገኛችሁም ሕያው ያልሆነውን የአልማዝ ባለጭራ ክትባት። የኩፍኝ፣ የጉድፍና የቢጫ ወባ ክትባቶች ሕያው ስለሆኑ መድኃኒቱ ላይ እያላችሁ በአብዛኛው አይሰጧችሁም። መድኃኒቱን ገና ልትጀምሩ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ስለ ክትባት ጠይቁ። በተለይ ሪቱክሲማብ ከተወሰደ በኋላ ክትባት ለወራት በደንብ አይሠራም። የባለቤታችሁም፣ የአያቶችም፣ የሞግዚቷም ክትባት የእናንተ ጉዳይ ነው።

መድኃኒቱን የት ነው የማስቀምጠው?

ከፍ ያለ፣ የሚቆለፍ ቦታ። ሁለቱም አንድ ላይ። ልጅ ወንበር ይስባል፣ መሳቢያ እንደ ደረጃ ይወጣል።

እኔ የሳምንቱን ክኒን በቀን በቀን በሚከፋፍል ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አደርግ ነበር። አንድ ጠዋት ትንሹ ልጄ እንደ መጫወቻ እያንኮሻኮሸው አገኘሁት፤ አንዱ ክዳን ተከፍቷል። አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አልጎደለም። ቆጥሬ እስክጨርስ ግን ጉልበቴ ከድቶኝ መሬት ላይ ነበርኩ። እነዚያ ሳጥኖች ልጅ እንዳይከፍታቸው ሆነው አልተሠሩም። የምትጠቀሙ ከሆነ ሳጥኑም ይቆለፍበት። «ልጅ የማይከፍተው» የተባለ ጠርሙስም ልጅን ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም።

ክኒን የሚጠፋው ግን ከቁምሳጥን ብቻ አይደለም። ከእጅ ቦርሳ፣ ከኮት ኪስ፣ ከአልጋ አጠገብ፣ ሊጠይቁ ከመጡ አያቶች ቦርሳ ነው። ከመደርደሪያ አውጥታችሁ «አሁን እወስደዋለሁ» ብላችሁ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጣችሁት ክኒን ከሁሉም የባሰ ነው። ልጁ ፊት አትዋጡ፣ የሚያየውን ይቀዳል። ለራሱም መድኃኒት ስትሰጡት «ከረሜላ ነው» አትበሉት።

ስለ ሜቶትሬክሴት ለብቻው ልናገር። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በስህተት በየቀኑ በመውሰዳቸው ሰዎች ሞተዋል። አብሮት የሚታዘዘው ፎሊክ አሲድም በብዙ ቦታ ትንሽ ቢጫ ክኒን ነው፣ ሜቶትሬክሴቱም ትንሽ ቢጫ ክኒን ነው። ሌሊት ሕፃን ሲያስነሳው ያደረ ሰው ሁለቱን ቢያምታታ አይገርምም። ሁለቱን በየራሳቸው ማሸጊያ፣ በተለያየ ቦታ አስቀምጡ። ቀኑን ምረጡ፣ ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ ሙሉ፣ የወሰዳችሁበትን ቀን ወረቀት ላይ ምልክት አድርጉ። ብዙዎቻችን በማግስቱ ድካም ስለሚይዘን ልጆቹን የሚይዝ ሌላ ሰው ባለበት ቀን ዋዜማ ብታደርጉት ይቀላችኋል።

ልጄ ክኒኔን ዋጠ፣ ወይም የዋጠ ይመስለኛል።

አፉ ውስጥ ያለውን አውጡ። እንዲያስመልስ አታድርጉ። ማሸጊያውን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ ወይም የመርዝ መረጃ የስልክ መስመር ካለ ደውሉ። ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ጉዳታቸው የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው። ለሜቶትሬክሴት ማርከሻ አለው፣ በቶሎ ሲሰጥ ነው የሚጠቅመው። «እርግጠኛ አይደለሁም» ብላችሁ አትቅሩ። እርግጠኛ ሳይሆኑ መሄድ ትክክል ነው።

መርፌዎቹንስ?

ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ በረዶ እንዳይሆን ከበረዶ ማስቀመጫው ርቆ፣ ክዳኑ በሚቆለፍ ዕቃ ውስጥ። ፍሪጅ የሚከፍት ልጅ ብዙ ነው። ስትወጉ ልጁ ሌላ ክፍል ይሁን። የተወጋችሁበትን መርፌ ክዳኑን መልሳችሁ አትግጠሙ፣ ቀጥታ ወደ መርፌ ማስወገጃው ሳጥን። ሳጥኑ ከሌለ የማይበሳ ወፍራም ፕላስቲክ ጠርሙስ በጥብቅ የሚከደን ይሁን፣ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ዝጉትና የት እንደሚወሰድ ሕክምና የምትከታተሉበት ቦታ ጠይቁ። ቤት ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም።

ክኒኑን መፍጨት እችላለሁ? ሌላ ሰው ቢነካውስ?

ሜቶትሬክሴትንና ማይኮፌኖሌትን አትፍጩ፣ አትስበሩ፣ እንክብሉንም አትክፈቱ። ዱቄቱ ጠረጴዛ ላይ ቀርቶ ልጅ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። መዋጥ ካቃታችሁ ሌላ ዓይነት እንዳለ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። እርጉዝ የሆነች ሴት የተሰበረ ክኒን አትንካ፤ የቤት ሠራተኛዋም፣ እህትም፣ ማንም ትሁን። ከፈሰሰ በጓንትና በእርጥብ ወረቀት አንስታችሁ እጃችሁን ታጠቡ።

እያጠባሁ ነው። ሌላም ልጅ እንፈልጋለን።

ማጥባት ላይ፦ ሜቶትሬክሴት፣ ማይኮፌኖሌትና ሳይክሎፎስፋማይድ ከማጥባት ጋር አይሄዱም። ፕሬድኒሶሎንና አዛታዮፕሪን ግን በአብዛኛው ይቻላል ይባላል፣ እንደ አዳሊሙማብ ካሉት፣ ባዮሎጂክ ከሚባሉት መርፌዎችም ብዙዎቹ ወደ ጡት ወተት የሚያልፉት በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ «መድኃኒት ጀመርኩ» ብላችሁ ሳትጠይቁ ጡት አታስጥሉ፤ አጥቢ መሆናችሁን አስቀድማችሁ ከተናገራችሁ የሚስማማ ሊመረጥላችሁ ይችላል።

እርግዝና ላይ፦ ሜቶትሬክሴትና ማይኮፌኖሌት ፅንስን በከባዱ ይጎዳሉ። አስተማማኝ መከላከያ ያስፈልጋል፣ ልጅ ከፈለጋችሁ ደግሞ መድኃኒቱ አስቀድሞ ይቀየራል። ለማይኮፌኖሌት ቢያንስ 6 ሳምንት በፊት መቆም አለበት። የወር አበባ ከዘገየባችሁ አትጠብቁ፣ ምርመራ አድርጉና ደውሉ።

ከልጁ የተረፈ አንቲባዮቲክ አለ። ልውሰደው?

አትውሰዱት። አንዳንዱ አንቲባዮቲክ ከእኛ መድኃኒት ጋር ይጋጫል። ኮትሪሞክሳዞል ከሜቶትሬክሴት ጋር መቅኔን ሊያዳክምና የደም ሕዋሳትን በአደገኛ ሁኔታ ሊቀንስ ይችላል። ክላሪትሮማይሲን ደግሞ ታክሮሊመስንና ሳይክሎስፖሪንን ደም ውስጥ ከፍ ያደርጋቸዋል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ግሬፕፍሩት የሚባለው ፍሬም እነዚህን ሁለቱን ያንኑ ያደርጋቸዋል። «የመከላከያ አቅምን ያጠነክራል» ተብሎ የሚሸጥ ዕፅም ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

ልጁን ከመዋዕለ ሕፃናት ላስወጣው?

አብዛኛው ሰው አያስፈልገውም። ንቅለ ተከላ ካደረጋችሁ ገና ወራት ከሆነ ወይም ሐኪሙ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ናችሁ ካላችሁ ለተወሰነ ጊዜ ማሰብ ይቻላል። ይልቅ አስተማሪዋን አነጋግሩ። በሽታችሁን መዘርዘር አያስፈልግም፤ «ጉድፍ፣ ኩፍኝ ወይም ብዙ ልጅ የሚያስመልስ ነገር ከገባ በዚያው ቀን ደውይልኝ» ማለት ይበቃል። እኔ የማውቃት አስተማሪ ሁለት ጊዜ ደውላልኛለች፣ ሁለቱንም ጊዜ በሰዓቱ ደርሻለሁ። ልጁ ሲመለስ እጅ ማጠብና ልብስ መቀየር ልማድ ይሁን።

ለልጁ ምን ብዬ ልንገረው?

እውነቱን፣ በአጭሩ። የ3 ዓመት ልጅ «የእማዬ መድኃኒት ጀርሞችን ለመዋጋት ትንሽ ያደክማታል፣ ስለዚህ እጃችንን እንታጠባለን» ቢባል ይገባዋል። መድኃኒቱ የእናንተ ብቻ እንደሆነና ልጅ ሊነካው እንደማይገባ ደጋግማችሁ ንገሩት። ልጅ ግን ያልነገራችሁትን ራሱ ይሞላዋል። ትልቋ ልጄ አንድ ቀን ሆስፒታል የገባሁት እሷ ስላሳለችብኝ እንደሆነ ነገረችኝ። ለስንት ጊዜ ይዛው እንደቆየች አላውቅም። ስለዚህ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በግልጽ ንገሯቸው፣ ብዙ ጊዜ ንገሯቸው፦ «የታመምኩት በአንተ ምክንያት አይደለም።» ከዚያ ታጥቦ ሲመጣ እቀፉት።